ወራሪ መጤ ዕፅዋት፦ የተከልነው ሲነቅለን

በዚህ እትም የትምህርት ዓምዳችን ስለ ዕፅዋት እንነጋገራለን። ርዕሱን ያነሳነው ጥፋት ስላለብን ነው።

ካቻምና ክረምት የጀመዓችን ልጆች ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ለሚገኝ አንድ የገጠር መስጊድ አጥር የሚሆን ተክል ተክለን ነበር። ገንዘብ አዋጥተን፣ ጉድጓድ ቆፍረን፣ ውሃ በጀሪካን አመላልሰን ነው የተከልነው። የመረጥነው ቶሎ የሚያድግ፣ ፍየል የማይደፍረው፣ በአንድ ዘለላ ላይ ቢጫም ሮዝም አበባ የሚያወጣ ቁጥቋጦ ነበር። ስሙን የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ፎቶ ተነስተን፣ ዱዓ አድርገን ተመለስን።

ዘንድሮ ረመዷን ከመግባቱ በፊት ሄደን ስናየው አጥሩ አምሮበታል። ግን ከመስጊዱ ማዶ ማሽላ የሚያርሱ አንድ አባት በትሕትና ጠሩንና «ልጆቼ፣ አላህ ይቀበላችሁ፤ አበባችሁ ግን ማሳዬ ገብቷል» አሉን። ሄደን አየን። በድንበሩ ላይ፣ በድንጋይ ካቡ ሥር፣ ወፍ በሚያርፍባቸው ዛፎች ሥር ሁሉ በቅሏል። ተክሉ ላንታና ካማራ ይባላል፤ በአማርኛ «የወፍ ቆሎ» ነው። የመጣው ከአሜሪካ ሐሩር አገሮች ነው። ስሙ እንደሚናገረው ወፎች ፍሬውን ይለቅማሉ፣ ዘሩን በየደረሱበት ይጥላሉ። ቅጠሉን የበላ ከብት ጉበቱ ይጎዳል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳው ይቆስላል። ፍየል ያልደፈረው ለካ በምክንያት ነው።

በመልሱ መንገድ መኪና ውስጥ ብዙም አልተነጋገርንም። አንድ የአፋር ወንድማችን ብቻ «የእናንተስ በአጥር ነው የገባው፤ እኛ ጋ የመጣው በልማት ስም ነው» አለን። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ንግግር የወጣ ነው።

መጤ ሁሉ ወራሪ አይደለም

መጀመሪያ ቃላቱን እንለይ። «መጤ» ማለት በተፈጥሮ ከማይገኝበት አገር በሰው አማካይነት የመጣ ማለት ነው። በዚህ ሚዛን በቆሎም፣ ድንችም፣ ቲማቲምም፣ ለወጣችን የምንኮራበት በርበሬ እንኳ መጤ ነው፤ ሁሉም ከአሜሪካ አህጉር የተነሱ ናቸው። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቷል። ስለ ባሕር ዛፍ ብዙ ክርክር ቢኖርም አብዛኛውን ጊዜ ሰው በተከለበት ይቆማል። በርበሬም እኛ ካልዘራነው ጫካ ገብቶ አገር አይወርርም።

«ወራሪ» የምንለው የሰው እጅ ሳያስፈልገው ራሱን የሚያራባውን፣ ከተተከለበት አልፎ የሚስፋፋውንና በደረሰበት ሌላውን የሚያፈናቅለውን ነው። ከሚመጡት ዕፅዋት አብዛኞቹ ያለ ሰው እንክብካቤ ይሞታሉ። ጥቂቶቹ ይለምዳሉ፤ ከለመዱትም ጥቂቶቹ ይወርራሉ። የእነዚህ ጥቂቶች ጥንካሬ ግማሹ ከራሳቸው ነው፤ ግማሹ ግን ጠላቶቻቸውን እዚያው ትተው መምጣታቸው ነው። በትውልድ አገራቸው ዘራቸውን የሚሰረስር ነቀዝ፣ ቅጠላቸውን የሚበላ ጥንዚዛ፣ የሚያደርቃቸው ሻጋታ አለ። እዚህ ግን ማንም አያውቃቸውም።

አንድ ተክል አገር መግባቱ እንዴት ይታወቃል? በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም አለ። እዚያ ዕፅዋት በጋዜጣ መካከል ተጭነው፣ ደርቀው፣ የተገኙበት ቦታ፣ ቀኑና የሰብሳቢው ስም ተጽፎባቸው ይቀመጣሉ። በዚህ ክምችት ላይ ተመሥርቶ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1989 እስከ 2009 በ8 ጥራዝ ወጥቷል (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን ይዟል። በዚያ ውስጥ የሌለ ተክል ሲገኝ «አዲስ የተመዘገበ» ይባላል። ችግሩ መዝገቡ ሁልጊዜ ከተክሉ ኋላ መምጣቱ ነው። እምቦጭ በአገራችን መታየቱ የተነገረው በ1965 በቆቃ ሐይቅ ነው። ጣና ላይ በይፋ የታወቀው በ2011 ነው። በመካከል 46 ዓመት አለ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ እምቦጭ ምን እንደሆነ ይታወቅ ነበር። የጠፋው ዕውቀት አልነበረም ማለት ነው።

በየመንግሥቱ ስም የሚጠራ ዛፍ

አሁን ወደ አፋር እንሂድ። ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የተባለው እሾሃማ ዛፍ የትውልድ ቦታው ሜክሲኮ፣ መካከለኛው አሜሪካና የደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል ነው። ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በ1970ዎቹ ሲሆን በ1980ዎቹ በመካከለኛው አዋሽ የመስኖ እርሻዎች አካባቢ በብዛት ተተከለ። ዓላማው መልካም ነበር፦ በረሃማነትን መግታት፣ ነፋስ መከላከል፣ ጥላና ማገዶ መስጠት። ድርቅን ይችላል፣ ጨዋማ መሬትን ይችላል፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። በወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ ዛፍ የለም። ሱዳንም በ1917 በተመሳሳይ ተስፋ አስገብታው በ1995 እንዲጠፋ አዋጅ እስከማውጣት ደርሳለች። እኛ ስንተክል የጎረቤታችንን ልምድ የጠየቀ ይኑር አይኑር እንጃ።

ሕዝቡ ዛፉን «የደርግ ዛፍ» ብሎ ሰየመው። ሌሎች ደግሞ ሥርዓቱ ከተለወጠ በኋላ ሲስፋፋ ስላዩት «የወያኔ ዛፍ» ይሉታል። ከፖለቲካው ይልቅ እኛን የገረመን አሰያየሙ ነው፤ አርብቶ አደሩ ይህ ዛፍ የእርሱ እንዳልሆነ፣ ከበላይ እንደመጣበት፣ ገና ከስሙ ጀምሮ እየተናገረ ነው። (የዕፅዋት ሊቃውንትም በ2022 ስሙን ቀይረው ኔልቱማ ጁሊፍሎራ ብለውታል። እሾሁ ግን ያው ነው።)

እንዴት እንደተስፋፋ ማስተዋል ያስፈልጋል። ዛፉ ረዘም ያለ፣ ቢጫ፣ ጣፋጭ ፍሬ ያፈራል። ቅጠሉን እንስሳት አይወዱትም፤ ፍሬውን ግን ይሻማሉ። የዘሩ ቅርፊት ጠንካራ ስለሆነ በሆድ ዕቃ ውስጥ ብዙው ሳይፈጭ ያልፋል፤ ከከብት እበት፣ ከፍየል በጠጥ ጋር ተዳብሎ ይወጣል። ማለትም ማዳበሪያው አብሮት ነው። ግመል፣ ከብት፣ ፍየል፣ ከርከሮ፣ በላዩም የጎርፍ ውሃ ሁሉም አጓጓዦች ናቸው። መንገዱን ደግሞ ራሳቸው አርብቶ አደሮቹ ይከፍቱለታል፤ ድርቅ ሲመጣ ሳር ፍለጋ ሲጓዙ ዘሩን በእንስሳቱ ሆድ ይዘው ይሄዳሉ። ዛፍ መትከል ሰደቃ መሆኑን፣ ሰውም ወፍም እንስሳም ከፍሬው ሲበላ ለተካዩ እንደሚጻፍለት በመድረሳ ተምረን ያደግን ሰዎች እዚህ ላይ ትንሽ መቆም አለብን። እዚህ ጉዳቱ የሚስፋፋው እንስሳው በመብላቱ ነው።

ፍሬው አብዝቶ ሲበላ ለእንስሳውም አይበጅም። ስኳሩ ጥርስ ያበላሻል፣ የሆድ ሕመም ያመጣል፣ መንጋጋ ያጣምማል። በኬንያ የባሪንጎ ነዋሪዎች በ2006 ዛፉን አምጥታችሁብናል ብለው መንግሥታቸውን ሲከሱ ጥርሷ ያለቀ ፍየል ለማስረጃነት ፍርድ ቤት ድረስ ወስደው ነበር።

ዛሬ በአፋር ክልል በዚህ ዛፍ የተወረረው መሬት ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ነው። የሳተላይት ምስል ተጠቅመው ያጠኑ ተመራማሪዎች በአማካይ በዓመት ወደ 31,000 ሄክታር እንደሚጨምር አስልተዋል። ለ365 ብናካፍለው በቀን 85 ሄክታር ይሆናል፤ አንድ የጁሙዓ ኹጥባ ሰምተን እስክንወጣ ድረስ እንኳ በርካታ የኳስ ሜዳ ተወርሮ ይቆያል ማለት ነው። የተወረረው ደግሞ ተራ መሬት አይደለም፤ የወንዝ ዳር ነው፣ የጎርፍ ሜዳ ነው፣ በበጋ የሚያዘው የግጦሽ ጥሪት ነው። የሜዳ አህያና ሳላ የሚኖሩበት የአሊደጌ ሜዳም ስጋቱ ደርሶበታል።

እኛ የምህንድስና ተማሪዎች ስለሆንን ዓይናችን ውሃው ላይ ቀርቷል። የዚህ ዛፍ ሥር እጅግ ጥልቅ ነው፤ ከቅርብ ዘመዶቹ የአንዱ ሥር በአሪዞና የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ከ50 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ተገኝቷል። በአፋር በግንዱ ውስጥ የሚያልፈውን ውሃ በመሣሪያ የለኩ ተመራማሪዎች አንድ ዛፍ በአማካይ በቀን ወደ 7 ሊትር እንደሚጠቀም አግኝተዋል። ትንሽ ይመስላል። ግን ሦስቱ ዛፎች በቀን አንድ ጀሪካን ውሃ ጠጡ ማለት ነው፤ ያን ጀሪካን ለመቅዳት ደግሞ ሰዓታት የምትጓዝ እህት አለች። ክልሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሲደመሩ በዓመት ከ3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ይሆናል። ወደ ፍሰት ብንለውጠው በሰከንድ ወደ 100 ሜትር ኩብ ነው። የአዋሽ ወንዝ ዓመታዊ ፍሰት ብዙ ጊዜ ወደ 4.9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ተብሎ ይጠቀሳል። ዛፉ የሚጠጣው ከወንዙ ብቻ አይደለም፤ ከከርሰ ምድርም ከዝናብም ነው። ስለዚህ ሁለቱን ቁጥሮች ቀንሰን የቀረው ይህ ነው ማለት አንችልም። ቢሆንም መጠኑን ለመረዳት ያግዘናል፦ በበረሃ ውስጥ ከአዋሽ ከግማሽ በላይ የሚያህል ውሃ የሚጠጣ፣ ማንም ያላቀደው «የመስኖ እርሻ» አለ።

ስለ ወባም አንድ ነገር እንጨምር። በማሊ በተደረገ ጥናት በመንደሮች አካባቢ ያለውን የዚህን ዛፍ አበባ በመቁረጥ ብቻ የወባ ትንኝ ቁጥር ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ትንኞች የአበባ ማር ይመገባሉ፤ ዛፉ ደግሞ በደረቁ ወቅት እንኳ ያብባል።

ዘካ ሰጪው ዘካ ተቀባይ ሲሆን

የአፋሩ ወንድማችን አያቱ ዘካ የሚያወጡ ሰው እንደነበሩ አጫውቶናል። ግመልም ከብትም ነበራቸው። ዛሬ ቤተሰቡ የቀሩት ጥቂት ፍየሎች ናቸው፤ አባቱም አንዳንድ ዓመት ከዘካ ተቀባዮች ዝርዝር ውስጥ ይገባሉ። «የወሰደብን ጦርነት አይደለም፣ ሌባም አይደለም» አለን። ከብት ሳር ይፈልጋል፤ ዛፉ ጥቅጥቅ ብሎ ሲይዝ ሥሩ ሳር አይበቅልም፤ መንጋው የሚያልፍበት መንገድ እንኳ ይዘጋል። ግመል እግሩን እሾህ ይወጋዋል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል። ሳሩ የቀረበት ቦታ ደግሞ ጥቂት ስለሆነ ጎሳ ከጎሳ ጋር ይጋጭበታል። በመጀመሪያ ከብቶቹ አለቁ፣ ቀጥሎ ግመሎቹ ተሸጡ።

ይህን ሲነግረን የፊቅህ ትምህርታችን ትዝ አለን። የእንስሳት ዘካ ኒሷቡ ለግመል 5፣ ለከብት 30፣ ለፍየልና በግ 40 መሆኑን ሁላችንም ቀርተናል። በሻፊዒይ መዝሀብ ከመስፈርቶቹ አንዱ እንስሳው «ሳኢማ» መሆኑ ነው፤ ማለትም በነፃ ግጦሽ የሚኖር እንጂ መኖ እየተገዛ የሚቀለብ አለመሆኑ። ኪታቡን ስንቀራ ይህ ነጥብ ለእኛ ለከተማ ልጆች ለፈተና የሚሸመደድ ቃል ብቻ ነበር። አሁን ግን አንድ ነገር ገባን፦ ግጦሹ ሲጠፋ የሚጠፋው ኒሷቡ ብቻ አይደለም፤ ኒሷቡ የሞላለትም ሰው መኖ እየገዛ ካበላ «ሳኢማ» የሚለው መስፈርት አይሟላም። የአካባቢው ድሃ መብት ከሁለት አቅጣጫ ቀለጠ ማለት ነው። የሣር ጉዳይ የዘካ ጉዳይ መሆኑን ከዚያ በፊት አስበነው አናውቅም ነበር።

ከሰል እናድርገው?

ብዙ ጊዜ የሚሰማው መፍትሔ «እንጠቀምበት፣ በመጠቀም እናጥፋው» የሚለው ነው። ከሰሉ ጥሩ ነው፣ እንጨቱ ጠንካራ ነው፣ ፍሬው ተፈጭቶ መኖ ይሆናል። ከእነዚህ ውስጥ ፍሬውን መፍጨት በእርግጥ ይረዳል፤ ወፍጮ ዘሩን ስለሚሰብረው በእንስሳ ሆድ አልፎ አይበቅልም። ከሰሉ ግን ያጠራጥረናል። ዛፉ በመጥረቢያ ከመሬት በላይ ከተቆረጠ ጉቶው አንድ የነበረውን ግንድ ብዙ አድርጎ ያበቅለዋል። እንዲሞት ከተፈለገ ሥሩ ከመሬት በታች ተቆፍሮ፣ ቡቃያ የሚወጣበት አንገቱ ድረስ መቆረጥ አለበት። ይህን የሚያደርግ ከሰል አክሳይ የለም፤ ጉልበቱ ብዙ ነው፤ ደግሞስ የገቢ ምንጩን ከሥሩ የሚነቅል ማን አለ? ከዚህም የከፋው፣ ከሰል ተፈቀደ ሲባል ከወራሪው ጋር አገር በቀሉ ግራርም አብሮ ይጨፈጨፋል፤ በአፋር ይህ ታይቷል። ጆንያ ውስጥ ከገባ በኋላ ከሰሉ የየትኛው ዛፍ እንደሆነ ማን ይለየዋል?

ሠርቶ የታየው አካሄድ አሰልቺ ነው፦ ነቅሎ ወዲያው መሬቱን መያዝ። የተነቀለበት ቦታ ሳር ተዘርቶበት ወይም በመስኖ ታርሶ ባለቤት ካገኘ፣ አዲስ የሚበቅለውን ችግኝ በየጊዜው የሚነቅል ዓይን ይኖራል። ተነቅሎ ባዶ ከተተወ ግን አፈር ውስጥ የተቀበረው ዘር በሚቀጥለው ዝናብ ይመልሰዋል። ገና ባልደረሰባቸው ወረዳዎች ደግሞ ሁለት ሦስት ችግኝ ሲታይ ያኔውኑ መንቀል በኋላ ኤክስካቫተር ከመከራየት በብዙ እጥፍ ይረክሳል።

«ፈርመህ ልቀቅ»

በአጭሩ አንድ ሌላ ተክል እናስተዋውቃችሁ፤ ግቢያችን ውስጥም ስለሚገኝ። ፓርቲኒየም በአማርኛ «ቅንጨ አረም» ይባላል፤ ነጫጭ ደቃቅ አበባው ቅንጬ ይመስላል። በሐረርጌ ኦሮምኛ ተናጋሪዎች «ፈረምሲሳ» ይሉታል፤ መሬትህን ፈርመህ እንድትለቅ የሚያደርግ ማለታቸው ነው። ሶማሌዎች ደግሞ ብቻውን የሚኖር በሚል ስም ይጠሩታል። ሁለቱም ስሞች ከየትኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ትርጓሜ ይበልጣሉ። አንዱ ተክል እስከ 25,000 ዘር ይሰጣል፤ በሥሩና በቅጠሉ የሚያወጣው ኬሚካል ጎረቤቱን እንዳይበቅል ያደርጋል፤ የበላችው ላም ወተቷ ይመርራል፤ የነካው ሰው ቆዳው ያሳክከዋል፣ አስም ያለበትም ይባስበታል። ከመኝታ ክፍሎቹ ጀርባ በባዶ እጃችሁ አትንቀሉት። ጓንት አድርጉ፤ ሳያብብ ንቀሉት።

የመስጊዱን አጥር በተመለከተ

ወደ ጥፋታችን እንመለስ። ያስቸገሩትን አባት ይቅርታ ጠይቀናል፤ እርሳቸውም አውፍ ብለውናል። ግን ይቅርታ የወፍ ቆሎን አይነቅልም። ስለዚህ የዘንድሮው የክረምት ዘመቻ የሚሄደው እዚያው ነው። በመጀመሪያ የእርሳቸውን ማሳ ድንበር፣ ቀጥሎ የካቡን ዙሪያ፣ በመጨረሻ ራሱን አጥሩን እንነቅላለን። ቅደም ተከተሉን እንዲህ ያደረግነው ጉልበታችን ካለቀ የሰው ማሳ ሳይጸዳ እንዳይቀር ነው። ፍሬው ሳይጠቁር መድረስ አለብን፤ ወፎቹ የሚለቅሙት ሲጠቁር ነውና። ሥሩ በዶማ ይወጣል፤ የተነቀለው በመንገድ ዳር አይጣልም፣ አንድ ቦታ ተከምሮ ሲደርቅ ይቃጠላል። ይህ በአንድ ቀን አያልቅም፤ ቢያንስ ለሁለት ተከታታይ ዓመት እየሄድን ቡቃያውን መልቀም ይኖርብናል።

በምትኩ ምን እንትከል ብለን የጠየቅነው እዚያው ያሉትን ሰዎች ነው፤ ካቻምና ያላደረግነው ይህን ነበር። አባትየው ለውስጠኛው በኩል አጋም፣ ለውጪው ቁርቁራ አሉ። ሁለቱም የአገሩ ናቸው፣ ሁለቱም እሾህ አላቸው፣ ሁለቱም ፍሬያቸው ይበላል። ቁርቁራን በኪታብ የምናውቀው ሲድር ብለን ነው፤ ቅጠሉ ለጀናዛ ማጠቢያ ይሆናል። የመስጊዱ ሰዎች እስካሁን ቅጠሉን የሚያመጡት ከሩቅ ነበር።

ችግኙን ከአካባቢው ችግኝ ጣቢያ አዝዘናል። መሄድ የምትፈልጉ ስማችሁን በጀመዓው የማኅበራዊ ዘርፍ አስመዝግቡ። ረጅም እጅጌ ያለው ልብስ፣ ጓንትና የተሸፈነ ጫማ ይዛችሁ ኑ፤ ዶማ ያላችሁ ዶማ አምጡ፣ ካቻምና አካፋ ብቻ ይዘን ሄደን ተቸግረን ነበር።